ናኖፕሪሲፒቴሽን፣ ነጠላ ኢመልሽን ወይስ ድርብ? መድኃኒት በፖሊመር ለመጠቅለል ዘዴ ስትመርጡ

ሁለት ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አንደኛው ውስጥ ሪፋምፒሲን አለ፤ የሸክላ መልክ ያለው ቀይ ዱቄት። ሌላኛው ውስጥ አይሶናያዚድ አለ፤ እንደ ጨው ነጭ ነው። ሁለቱም የቲቢ መድኃኒቶች ናቸው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ እዚህ አገር ፋርማሲ የተማረ ሰው ሁለቱንም በደንብ ያውቃቸዋል።

ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። አይሶናያዚድ ውሃ ይወዳል፤ በአንድ ሚሊሊትር ውሃ ከ100 ሚሊግራም በላይ ይሟሟል። ሪፋምፒሲን ደግሞ ውሃ ብዙም አይስማማውም፤ እንደ ዲክሎሮሜቴን ባለ አሟሚ ውስጥ ነው የሚመቸው። አንድ ላይ ሲዋጡም አይጣጣሙም። የጨጓራ አሲድ ሪፋምፒሲንን ያበላሸዋል፤ አይሶናያዚድ አጠገቡ ሲኖር ብልሽቱ ይፋጠናል። እያንዳንዱን ለየብቻ በፖሊመር፣ ማለትም እንደ ፕላስቲክ ረጅም ሰንሰለት በሆነ ሞለኪውል፣ መጠቅለል የሚያጓጓው አንድም ለዚህ ነው። ሌላው ምክንያት መድኃኒቱ ቀስ እያለ እንዲለቀቅ ማድረጉ ነው። ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ ኪኒን የዋጠ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

ይህን የምጽፈው ዘዴ ለመምረጥ ለተቸገሩ ነው። ኢመልሽን ማለት አንድ ፈሳሽ ከማይዋሃደው ሌላ ፈሳሽ ውስጥ በጠብታ ሲበተን ነው። ከተማሪዎች ጋር ስቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ የምሰማው "ድርብ ኢመልሽን ልሥራ" የሚል ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ መልሱ ያነበቡት ጽሑፍ በዚያ ስለሠራ ነው። የእኔ አቋም ይኸውና፦ ድርብ ኢመልሽን የመጨረሻ ምርጫ ይሁን። መድኃኒቱ ራሱ ካላስገደዳችሁ አትግቡበት።

ከወተትና ከቅቤ እንጀምር

ወተት ማለት ቅባት በውሃ ውስጥ በደቃቅ ጠብታ ተበትኖ ነው። እርጎው በቅል ሲናጥ ነገሩ ይገለበጣል። ቅቤ ውስጥ የተበተነው ውሃው ነው፤ ዙሪያውን የያዘው ቅባቱ ነው። ቅቤ እሳት ላይ ሲነጠር መጀመሪያ የሚንጣጣው ለዚህ ነው፤ ያ ውሃ እየወጣ ነው።

ድርብ ኢመልሽን ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣል። ውሃ በዘይት ውስጥ አለ፤ ያ ዘይት ደግሞ ተመልሶ በውሃ ውስጥ ተበትኗል። ጠብታ በጠብታ ውስጥ ማለት ነው። ዊልያም ሳይፍሪዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለነዚህ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ሞልቷል፤ እስከ ዛሬ ግን የሚያስቸግረው ያው አንድ ነገር ነው፦ የውስጡ ውሃ ወደ ውጪው ውሃ መሄድ ይፈልጋል።

ውሃ ለሚሸሽ መድኃኒት፦ የኡዞው ዘዴ

ኡዞ የተባለው የአኒስ መጠጥ ብርጭቆ ላይ ውሃ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አይታችሁ ይሆናል። ጥርት ያለው መጠጥ በአንድ አፍታ ወተት ይመስላል። ማንም አላማሰለውም። የአኒስ ዘይቱ በአልኮሉ ቀልጦ ነበር። ውሃ ሲገባ አልኮሉ ከውሃው ጋር ይዋሃዳል፤ ዘይቱ መቆሚያ ያጣና በደቃቁ ይበተናል።

ናኖፕሪሲፒቴሽን ማለት ይኸው ነው። በዘይቱ ፈንታ ፖሊመርና መድኃኒት፣ በአልኮሉ ፈንታ ብዙ ጊዜ አሴቶን ትጠቀማላችሁ። ፌሲና ባልደረቦቹ ዘዴውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በአሴቶን ውስጥ በሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ያህል ፒኤልጂኤ (ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ የሚፈርስ ፖሊመር) አሟሙ። መድኃኒቱን እዚያው ጨምሩ። ፖሎክሳመር ወይም ትዊን 80 (ቅንጣቶቹ እንዳይጣበቁ የሚጠብቁ ናቸው) ያለበት ውሃ በማግኔት እየተማሰለ ሳለ ብጥብጡን በመርፌ ጠብ ጠብ አድርጉበት። የአሴቶኑ መጠን ከውሃው ግማሽ ገደማ ይሁን። ውሃው ሰማያዊ ነጸብራቅ ያለው ነጭ ሲሆን ተሳክቷል። ከዚያ አሴቶኑ እስኪተን ክፍት አድርጋችሁ ታማስላላችሁ።

ከ100 እስከ 250 ናኖሜትር ያሉ፣ መጠናቸው የተቀራረበ ቅንጣቶች ታገኛላችሁ። ሶኒኬተር፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ የሚሰባብር መሣሪያ፣ አያስፈልግም። መብራት ቢጠፋ እንኳ በእጅ እያወዛወዙ መጨረስ ይቻላል፤ እኔ አድርጌዋለሁ። ለሪፋምፒሲን መጀመሪያ የምሞክረው ይህን ነው።

ድክመቱ ሁለት ነው። ፖሊመሩን ስታበዙት ቅንጣቱ ይተልቃል፤ ጭራሽ ተጓጉሎ የማማሰያው ማግኔት ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ምርት ትንሽ ነው። ሁለተኛው ይብሳል፦ ውሃ የሚወድ መድኃኒት እዚህ አይያዝም። አሴቶኑ ውሃው ውስጥ ሲገባ መድኃኒቱም አብሮ ይገባል። አይሶናያዚድ በዚህ መንገድ ብትሞክሩ ቆንጆ ባዶ ቅንጣት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ነጠላ ኢመልሽን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፖሊመሩና መድኃኒቱ ከውሃ በማይዋሃድ አሟሚ፣ ለምሳሌ በዲክሎሮሜቴን፣ ይሟሟሉ። ከዚያ ፒቪኤ (ጠብታዎቹ እንዳይዋሃዱ የሚጠብቅ፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ፖሊመር) ባለበት ውሃ ውስጥ በሶኒኬተር ወይም በሆሞጂናይዘር (በኃይል በሚያማስል መሣሪያ) ይሰባበራሉ፤ አሟሚው ሲተን ጠብታው ይጠጥራል። ይህን የምትመርጡት መድኃኒቱ አሴቶን ውስጥ አልሟሟ ሲል፣ ብዙ ምርት ስትፈልጉ ወይም ቅንጣቱ በማይክሮሜትር እንዲሆን ስትፈልጉ ነው። ውሃ ለሚወድ መድኃኒት ግን ይህም አይሆንም።

ውሃ የሚወድ ሲሆን

አሁን ወደ አይሶናያዚድ፣ ወደ ኢንሱሊን፣ ወደ ፕሮቲኖች መጣን። ድርብ ኢመልሽን ቦታው እዚህ ነው። ሉፕሮን ዴፖ የተባለው የፕሮስቴት ካንሰር መርፌ እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ፣ ውስጡ ያለው ሉፕሮላይድ ውሃ የሚወድ ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት፣ ነበር። የታኬዳ ባለሙያዎች በፖሊመር ማይክሮስፌር (ደቃቅ ክብ ቅንጣት) ውስጥ ያስገቡት በዚሁ ውሃ-በዘይት-በውሃ ዘዴ ነው። በወር አንዴ ተወግቶ መሄድ የተቻለው በዚህ ነው። ስለዚህ ዘዴው ይሠራል። ዋጋ ግን ያስከፍላል።

አንድ የተለመደ አሠራር ላሳያችሁ። 100 ሚሊግራም ፒኤልጂኤ በ2 ሚሊሊትር ዲክሎሮሜቴን አሟሙ። መድኃኒቱን በ0.2 ሚሊሊትር ውሃ አሟሙና ጨምሩበት። በረዶ ውስጥ አስቀምጣችሁ ለ30 ሰከንድ ያህል በሶኒኬተር ምቱት። ይህ የመጀመሪያው ኢመልሽን ነው። ወዲያው 8 ሚሊሊትር ባለ 2 በመቶ ፒቪኤ ላይ ገልብጡና እንደገና ለአንድ ደቂቃ ምቱ። ከዚያ 50 ሚሊሊትር ባለ 0.3 በመቶ ፒቪኤ ውስጥ ጨምራችሁ ዲክሎሮሜቴኑ እስኪተን ሦስት ሰዓት ያህል አማስሉ። በሴንትሪፊውጅ አዝቅጡ፣ በውሃ እጠቡ፣ ትሬሃሎዝ የተባለ ስኳር ጨምራችሁ አድርቁ።

በረዶውን እንደ ትርፍ ነገር አትዩት። ዲክሎሮሜቴን የሚፈላው በ40 ዲግሪ ገደማ ነው። የሶኒኬተሩ ጫፍ ደግሞ በሰከንዶች ያሞቃል። ፒቪኤውንም ቀዝቃዛ ውሃ ላይ እየነሰነሳችሁ በትኑት፤ ከዚያ እስከ 80 ዲግሪ አሙቁ። ሙቅ ውሃ ላይ በአንዴ ከደፋችሁት እንደ ገንፎ ዱቄት ይጓጉላል፤ ውጪው ይለሰልስና ውስጡ ደረቅ ይቀራል።

አሁን ቁጥሮቹን እዩ። የውስጡ ውሃ 0.2 ሚሊሊትር ነው። የውጪው 58። የውጪው 300 እጥፍ ገደማ ነው! በመካከላቸው ያለው ቀጭን የዘይት ግድግዳ ነው። አይሶናያዚድ ደግሞ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 137 ብቻ የሆነ ትንሽ ነገር ነው። ሹልክ ብሎ ለመውጣት ደቂቃዎች ይበቁታል። እንደ ኢንሱሊን ወይም እንደ ሌሎች ፕሮቲኖች ያለ ትልቅ ሞለኪውል በዚህ ረገድ ይሻላል፤ በቀላሉ አያልፍም።

ግፊቱን ሚዛን ላይ አስቀምጡት

መድኃኒቱ ከመሹለኩ ሌላ ውሃው ራሱ ይንቀሳቀሳል። በውስጠኛው ጠብታ ብዙ የተሟሟ ነገር ካለ የውጪው ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል። ጠብታው ያብጣል፤ በመጨረሻ ይፈነዳል። ኦስሞሲስ ነው፤ ዘቢብ ውሃ ውስጥ ሲነከር የሚነፋበት ያው ጉዳይ።

መፍትሔው የተወሳሰበ አይደለም፤ በወረቀት ላይ ሊሰላ ይችላል። አይሶናያዚዱ በሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ነው እንበል። በሊትር 50 ግራም ማለት ነው። ለ137 ሲካፈል 0.365 ሞል ይሆናል። የገበታ ጨው ውሃ ውስጥ ለሁለት ስለሚከፈል ግማሹ ይበቃል፤ 0.18 ሞል። በ58.4 ስታባዙት በሊትር 10.6 ግራም ገደማ ይመጣል። ስለዚህ በውጪው ውሃ ላይ 1 በመቶ ያህል ጨው ጨምሩ። ለአንድ ቁንጥር ጨው ይህን ያህል ስሌት ምንድን ነው አትበሉ። ከድርብ ኢመልሽን ጋር ለሚታገል ሰው ከዚህ የረከሰ መድኃኒት የለም።

ጨው ወይም ስኳር ለሌላም ይጠቅማል፤ ይህኛው ደግሞ ወደ ውስጠኛው ጠብታ የሚገባ ነው። ትንሽ ጠብታ ውስጥ ያለው ግፊት ከትልቁ ይበልጣል። ስለዚህ ትንንሾቹ ውሃቸውን ለትልልቆቹ እየሰጡ ይጠፋሉ። በውስጣቸው ጥቂት የተሟሟ ነገር ካለ ይህ ሽግግር ይቆማል። መድኃኒቱ ራሱ በደንብ ተሟሙቶ እዚያ ካለ ሥራውን ይሠራል። በጣም ጥቂት ፕሮቲን ብቻ ካለ ግን ጨው ወይም ስኳር ጨምሩ፤ የውጪውንም በዚያው ልክ አስተካክሉ።

"የተረጋጋ" ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራሉ።

አንዱ ድርብ ኢመልሽኑ ፈሳሽ ሆኖ የሚቀርበት ነው። የምግብና የቅባት ውጤቶች ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚፈልጉት ይህን ነው። ወራት መቆየት አለበት። ለዚህ ሁለት ዓይነት ሰርፋክታንት፣ ማለትም በውሃና በዘይት ድንበር ላይ ተቀምጦ ጠብታን የሚጠብቅ ነገር፣ ያስፈልጋል። ለውስጠኛው ድንበር ዘይት የሚወድ፣ ለምሳሌ ኤችኤልቢው (ውሃ የመውደዱ መለኪያ) 4.3 የሆነው ስፓን 80። ለውጪኛው ውሃ የሚወድ፣ ለምሳሌ 15 የሆነው ትዊን 80። ትዊኑን ማብዛት ግን ጠንቅ አለው፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ዘልቆ ስፓኑን ከቦታው ያፈናቅላል። ለምግብ ከሆነ ከስፓን ይልቅ ፒጂፒአር የተባለው ኢመልሲፋየር እጅግ ይበረታል። ቸኮሌት ውስጥ የሚገባ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በኪሎ እስከ 5 ግራም ይፈቅዳል። ለሚበላ ነገር ከሆነ ግን የምትሠሩበትን አገር ገደብ አስቀድማችሁ እዩ።

ሌላው የእኛ ነው። ፖሊመር ያለበት ድርብ ኢመልሽን መቆየት ያለበት እስኪጠጥር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ኢመልሽን ደቂቃዎችን ከተሻገረ ይበቃዋል። ለዚህም ነው ብዙ አሠራሮች ላይ ስፓን የማይገባው፤ ወፍራሙ የፖሊመር ብጥብጥ ራሱ ይይዘዋል። ስለዚህ ፖሊመሩን ማወፈር፣ የውስጡን ውሃ ማሳነስ፣ በሁለቱ ምት መካከል አለመዘግየት ሰርፋክታንት ከመቀያየር ይበልጣል። ሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው እንዳይበረታ ተጠንቀቁ። ካበረታችሁት የሠራችሁትን መልሳችሁ ታፈርሱታላችሁ።

እኔ ምርጫ ካለኝ ሁልጊዜ ወደ ጠጣሩ እሄዳለሁ። ፈሳሽ ድርብ ኢመልሽን በባሕርዩ ወደ መለያየት የሚሄድ ነገር ነው፤ የምታደርጉት ማዘግየት ብቻ ነው።

የአሟሚው ጉዳይ

ዲክሎሮሜቴን ቶሎ ይተናል፣ ፒኤልጂኤን በደንብ ያሟሟል፣ ከውሃ ጋር ብዙ አይዋሃድም። ግን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀየራል። ተራ የናይትራይል ጓንትን በደቂቃዎች ያልፋል። ጓንት አድርጌያለሁ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከፈሰሰባችሁ ወዲያው ቀይሩ፣ ሥራውንም የአየር መምጠጫ ሥር አድርጉ። መድኃኒት ውስጥ ሊቀር የሚችለው መጠን በዓለም አቀፉ የአይሲኤች የመድኃኒት ጥራት መመሪያ 600 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 600 እጅ) ነው። የኢታይል አሴቴትና የአሴቶን ገደብ ግን 5000 ፒፒኤም ነው። ልዩነቱ ብዙ ይናገራል።

ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ኢታይል አሴቴትን ሞክሩ። አንድ ጠባይ አለው፤ በሊትር ውሃ 80 ግራም ገደማ ይሟሟል። ብዙ ውሃ ላይ በአንዴ ከገለበጣችሁት አሟሚው ሮጦ ይወጣና ፖሊመሩ ክር ክር ሆኖ ይቀራል። ውሃውን አስቀድማችሁ በኢታይል አሴቴት አጥግቡት፤ ችግሩ ይቀላል።

ፕሮቲን ከሆነ የያዛችሁት አሟሚን ጭራሽ የማይነካ መንገድም አለ። ቺቶሳን የተባለውን ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚገኝ ፖሊመር በ1 በመቶ አሴቲክ አሲድ አሟሙታችሁ ትሪፖሊፎስፌት የተባለ ጨው ጠብ ስታደርጉበት ወዲያው ቅንጣት ይፈጠራል። ሙቀት የለም፣ ሶኒኬተር የለም። ለፕሮቲንና ለዘረመል ቁሳቁስ በጣም ገር ነው። ለአይሶናያዚድ ግን አልመክረውም፤ መረቡ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ሞለኪውል አይዝም። ቺቶሳን አሲድ ውስጥ እንደሚሟሟም አትርሱ፤ በአፍ የሚወሰድ ከሆነ ጨጓራ ላይ ይፈርሳል።

ናኖ መሆኑ የግድ ነው?

ይህን ጥያቄ ማንም ስለማይጠይቅ እኔ ልጠይቅ። በደም ሥር የሚሰጥ ከሆነ አዎ፤ በጣም ጠባቦቹ የደም ሥሮች ስፋታቸው 5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፋችሁ ከጀርም ማጽዳት ከፈለጋችሁም አዎ። ወደ ሳንባ የሚሳብ ከሆነ ግን ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር ያለው ነው የሚደርሰው። በጡንቻ ተወግቶ ቀስ እያለ የሚለቀቅ ከሆነ በአሥር የሚቆጠር ማይክሮሜትር ችግር የለውም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ግድግዳው ይሳሳል፤ ከጠቅላላው ይዘት ወደ ገጽ የሚቀርበው ይበዛል። አይሶናያዚድ በማይክሮሜትር ደረጃ ባለ ቅንጣት ከናኖው ይልቅ በደንብ ይያዛል። የመጀመሪያው ቀን ድንገተኛ ልቀቱም ይቀንሳል። የቲቢ መድኃኒት ወደ ሳንባ ለማድረስ ከሆነ ናኖን መተው ብቻውን ግማሹን ጣጣ ያስቀርላችኋል።

ማከማቻውንም አስቡ። ደረቅ ፒኤልጂኤ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል፤ እርጥበት ከነካው ከዚያም በታች። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ድረስ የሚሄድ ነገር ከሆነ ቅዝቃዜው ከላቦራቶሪ እስከ ጤና ጣቢያ እንዳይቋረጥ ማድረግ የቀመሩ አካል ነው።

አንድ ክረምት የፈጀብኝ ነገር

ድርብ ኢመልሽን በጀመርኩ ሰሞን ቁጥሮቼ ያማሩ ነበሩ። በዲኤልኤስ፣ ማለትም ቅንጣትን በብርሃን በሚለካው መሣሪያ፣ 230 ናኖሜትር ገደማ ይወጣል። መጠናቸውም የተቀራረበ ነው። ደስ ብሎኝ ሳምንታት ደጋገምኩት። በኋላ ደለሉን አሟሙቼ አይሶናያዚዱን ስለካ ከሞላ ጎደል ምንም የለም። ሁሉም መታጠቢያው ውሃ ውስጥ ነበር። ቅንጣቶቹ ድርብ ይሁኑ ነጠላ፣ ሙሉ ይሁኑ ባዶ መሣሪያው አይለይም። የሚነግራችሁ መጠን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ሁለቱንም ወገን እለካለሁ፤ በደለሉ ውስጥ ያለውንም፣ በእያንዳንዱ መታጠቢያ ውሃ የወጣውንም። ድምራቸው ካስገባሁት ጋር ካልተቀራረበ ውጤቱን አላምነውም። ሪፋምፒሲን በዚህ በኩል ደግ ነው፤ ቀለሙ ራሱ ይናገራል። ሴንትሪፊውጁ ሲቆም ደለሉ ቀይ፣ ከላይ ያለው ውሃ ገርጣ ያለ ከሆነ ቢያንስ መንገድ ላይ ናችሁ።

ነጩ አይሶናያዚድ እንዲህ አይናገርም። ስለዚህ አዲስ ቀመር ስጀምር መድኃኒቱን አልነካም። የውስጠኛው ውሃ ላይ ውሃ ውስጥ ብቻ የሚሟሟ የምግብ ቀለም እጨምራለሁ። የመጀመሪያውን ኢመልሽን መትቼ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ከዚያ ሁለተኛውን ምት እመታና ብልቃጡን ነጭ ወረቀት ፊት አቆመዋለሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንድ ሚሊሊትር ቀድቼ በሴንትሪፊውጅ አዞራለሁ። ከላይ የቀረው ውሃ ቀለም ካነሳ ቀመሩ ያፈሳል ማለት ነው፤ ጨውን፣ የፖሊመሩን ውፍረትና የውስጡን ውሃ መጠን አስተካክዬ እንደገና እጀምራለሁ። ውሃው ጥርት ብሎ ከቀረ ብቻ አይሶናያዚዱን ሚዛን ላይ አወጣለሁ።